መቃብር አሳዩ የተባልንባት አጋም ውሃ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፤ ወልድያ መናኸሪያ

የመናኸሪያው በር ሲከፈት እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ነበር። ጉልቴን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እህል ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ይገባሉ። ሚኒባሶቹ «ደሴ! ደሴ! መርሳ በመንገድ!» እያሉ ይጣራሉ። ተሳፋሪው ወንበር ከመያዙ በፊት «መንገዱ ደህና ነው?» ይላል። እኛ አገር ይኼ ጥያቄ ከሰላምታ ቀድሟል። የዛሬው ፍርሃቴ ግን ከመንገዱ አልነበረም።

ትናንት አመሻሽ ላይ ልጄ ደምሌ ከአጋም ውሃ ደወለልኝ። አጋም ውሃ ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ ሲኬድ የምትገኝ ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። አባቴ የሠራው ቤት አለ፤ ደምሌ አግብቶ የሚኖረው በዚያ ቤት ነው።

«እማዬ፣ በራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀቡ» አለኝ።

«የምን ቀለም?»

«ኤክስ ነዋ! የኮሚቴው ሰዎች። መሥራች አይደላችሁም፣ በሕገወጥ ነው የሰፈራችሁት አሉን። ነገ ከስብሰባው በኋላ ሜትር ይዘው ሊለኩት ይመጣሉ። እኔም ዱላዬን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ።»

ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ብደውል ብደውል አያነሣም።

እናት የሆነች ታውቀዋለች። የዚህ ልጅ አባት የሞተው በመስኖ ውሃ ተራ ጠብ ነው። በባለቤቴ አገር፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ክፉ ቃል፣ አንድ ዱላ ጆሮ ግንዱ ላይ፤ በቃ። የመታውም ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተናደደ ሰው ነበር። ደምሌ በመልክም በግልፍታም ቁርጥ አባቱ ነው። መጀመሪያ የሚነሣው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌ ቢንሻፈፍ አትታዘቡኝ። ዝም ብዬ ግን አልውጠውም።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፤ በወልድያና በስሪንቃ መካከል

ከሹፌሩ ጎን ነው የተቀመጥኩት። ጸጉሩ የሸበተ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ከከተማው እንደወጣን ኬላ ላይ አስቆሙንና መታወቂያ ታየ። የኔን ስፈልግ መቀነቴን ሁለቴ ስፈታ አየኝ።

«እታለም፣ ምን ሆነሽ ነው? ወንጀል የሠራሽ ትመስያለሽ እኮ» አለኝ መኪናው ሲነሣ።

ነገርኩት። አጋም ውሃ ማዘጋጃ ቤት ሊኖራት ነው። ለምረቃው ቀን የከተማዋ ታሪክ ተጽፎ ይነበባል ተባለ፤ ታሪኩን የሚጽፍ ኮሚቴ ተቋቋመ። እዚህ ድረስ እሰየው ነው። ኮሚቴው ግን በታሪኩ ላይ የመሥራቾች ዝርዝር ጨመረበት። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ቦታው በስሙ ይጸናለታል። ያልገባ መጤ ነው፤ በሩ ይቀባል።

«ታዲያ መታወቂያሽ ላይ የትውልድ ቦታ አጋም ውሃ ይላል አይደል? ይኸው! ሌላ ምን ፈለጉ?»

«መቃብር።»

«ምን አልሽ?»

«መቃብር ነው የሚጠይቁት። አጋም ውሃ አፈር ውስጥ የተቀበረ አባት ወይ አያት ያለው መሥራች ነው። መቃብሩን ማሳየት ያልቻለ መጤ ነው።»

ሹፌሩ መሪውን በመዳፉ መታው። «ወይ ጉድ! እኔ ይችን መኪና ስገዛ እንኳ የጠየቁኝ ሊብሬ ነው። የሞተ ዋስ አምጣ ያለኝ የለም!»

ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ደምሌ ደጁ ላይ ዱላ ይዞ ታየኝ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ፍጠንልኝ» አልኩት። «ብበርልሽ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ግን እንደ ኮሚቴሽ ነው፣ በየቦታው ጉድጓድ ይጠይቃል» አለና ፍጥነት ጨመረ።

ስሪንቃን አለፍን። ማሽላው በግራ በቀኝ አሽቷል፤ ወፍ ጠባቂዎቹ ማማቸው ላይ ወጥተው ጅራፍ ያጮኻሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርጄ እሸት እጠይቅ ነበር።

ሦስት ሰዓት፤ መርሳ

መርሳ ስትደርሱ አየሩ ይለወጣል። ነጠላ ከራስ ይወርዳል። መንገድ ዳር ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ ተከምሯል፤ ኪሎው ወልድያ ከሚሸጥበት በግማሽ ነው። ሻጮቹ «እናቴ፣ ቅመሽና ሂጂ» ይላሉ። ለምራቴ ማንጎ ገዛሁ። ባዶ እጅ አይገባም፤ ቤቱ ሊፈርስም ቢሆን አይገባም።

ወደ ግራና የሚሄድ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ወንዙን ስንሻገር ውሃው እስከ ጎማው ወገብ ደረሰ። ከወንዙ ወዲያ የአጋም ውሃ ሰው የሚያርሰው ጥቁር አፈር ይጀምራል። እስኪ እዚህ ላይ ታሪኩን እኔ ልንገራችሁ፤ ከኮሚቴው አላንስም።

አጋም ውሃ ድሮ ከተማ አልነበረችም፤ አጋም የከበባት ምንጭ ነበረች። ምንጩ ላይ ከብትና ግመል የሚያጠጡት ቆላ ያሉት እስላሞች ነበሩ፤ የዛሬው የከተማው ሽማግሌ፣ የአያ እንድሪስ አባት ወገኖች። አባቴ ይመር አገሩ ደጋ ነው፣ ከወልድያ በላይ ካለው የጉባ ላፍቶ ተራራ። ዝናብ እምቢ ሲል ከእናቴ ጋር፣ ከአምስት ጎረቤቶቹ ጋር፣ አንድ በሬ እየነዳ ወረደ። እነአያ እንድሪስ «ምንጩን አታደፍርሱ፣ ከብታችንን አትምቱ፣ ከዚያ ወዲያ አገሩ ሰፊ ነው» አሏቸው። በቃ፣ ውሉ ይኼው ነበር። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ። አባቴ ጎጆውን ቀለሰ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደገኛው ገብስና ባቄላ፣ ቆለኛው ቅቤና ማሽላ ይዞ ምንጩ አጠገብ መገናኘት ጀመረ፤ ገበያ ሆነ። ገበያው ወፍጮ አመጣ፣ ወፍጮው ትምህርት ቤት አመጣ። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ አባቴ ከመርሳ በጀርባው ሲያመጣ ትከሻው ተቆርጦ እናቴ በሞቀ ውሃ ስታጥበው አስታውሳለሁ። የእኔን ትምህርት አራተኛ ክፍል ያደረሰው ያ ቆርቆሮ ነው።

መቃብሩስ? እሱን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አባቴ ሲታመም «እዚሁ ቅበሩኝ፣ እዚህ ነው ሰው የሆንኩት» ብሎ ነበር። ያኔ ግን አጋም ውሃ ቤተ ክርስቲያን አልተተከለም። እኔ ታላቋ ልጅ ነበርኩ። «አባቴን አጸድ በሌለበት እንደ ውሻ ሜዳ ላይ አልጥለውም፣ ወገን ምን ይለኛል!» ብዬ እምቢ አልኩ። ሬሳው ዳገቱን ወጥቶ በአባቶቹ ደብር ተቀበረ። እናቴም በተራዋ «ከባሌ አትለዩኝ» ብላ ተናዛ አጠገቡ ገባች። እኛ ዘንድ ሙትን ደጋ ድረስ ተሸክሞ መቅበር ትልቅ ክብር ነበር። እንዲህ እንደ ጥፋት የሚቆጠርበት ቀን ይመጣል ያለኝ ማን ነው?

አራት ሰዓት፤ አጋም ውሃ

ቀዩ ኤክስ ከሩቅ ይታያል። ከበሩ ቆርቆሮ ግማሹን ይዟል። ቀለሙ ወደ ታች ፈስሶ የታረደ በግ ደም መስሏል። ብቻችንን እንዳልሆንን ያወቅሁትም ያኔ ነው፤ ከኛ ቀጥሎ ያለው በር ተቀብቷል፣ ከዚያ ወዲያም ሌላ አለ።

ደምሌ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ዱላው ጭኑ ላይ ነው። ምራቴ ከውስጥ ታለቅሳለች።

«ማን ነይ አለሽ?» አለኝ።

«ስልክህ።»

«እማዬ፣ አንቺ ዛሬ አትግቢበት።»

«አባትህን ስቀብር ገብቼበታለሁ። ተነሥ፣ ወደ ስብሰባው እንሂድ።»

«ዱላዬን ይዤ ነው የምሄደው።»

«ያዝ። ዱላ የወንድ ጌጥ ነው። ግን ከጎኔ ነው የምትቀመጠው።»

በልቤ እመቤቴን እየተማጸንኩ ነበር። አፌ ግን እንዲህ አለ።

ስብሰባው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። ሰው ሞልቷል፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶች በጎን። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሞላ ይባላል። ልጅ ሳለ አፍንጫውን እየጠረግሁ ያሳደግሁት ጎረቤቴ ነው፤ ዛሬ ኮት ለብሶ፣ ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ እንደ ታቦት አስቀምጦ ቆሟል። አባቱ አያ በላይ ከፊት ወንበር ላይ ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል።

ሞላ ታሪኩን ማንበብ ጀመረ። «አካባቢው ቀድሞ ሰው ያልሰፈረበት ጠፍ ጫካ ሲሆን...»

«ጠፍ?» አሉ አያ እንድሪስ ከመካከል። ሰማንያ የሚጠጋቸው፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ ናቸው። «አባቴ ግመል ያጠጡ የነበረው ጠፍ ላይ ነው? ወላሂ፣ እኔ እንግዲህ ዛፍ ላይ ነው የተወለድኩት!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሞላ አልሳቀም። የመሥራቾችን ስም ዝርዝር አነበበ፤ ይመር የሚል የለም። እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ።

«ሞላ፣ የአባቴ ስም የታለ?»

«እትዬ፣ መመዘኛው ለሁሉም አንድ ነው። የአባትሽ መቃብር የታለ? ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ ፈልገናል፣ የለም።»

«አባቴ ሲሞት ቤተ ክርስቲያኑ ነበር ወይ?»

«እሱን እኛ አናውቅም። ወደ አገሩ ነው የተወሰደው። ሬሳው ወደ አገሩ የሚመለስ ደግሞ እንግዳ ነው። እኛ ይህን አልፈጠርነውም።»

«የተማርክበትን ቤት ቆርቆሮ በጀርባው ያመጣው ሰው እንግዳ ነው?»

«ማስረጃ አለሽ?»

ማስረጃ! የትከሻውን ቁስል በማኅተም አስደግፌ ላምጣለት? ደሜ ፈላ። እኔ እንዲህ ከሆንኩ ልጄ ምን ሊሆን ነው ብዬ ዞር ስል ደምሌ ተነሥቷል። ዱላው እጁ ላይ ጠብቋል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። አባቱ በዚያን ጠዋት ከቤት ሲወጣ እንዲህ ነበር የነጣው።

ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ዱላውን ከእጁ መነጨቅሁና አግዳሚው ላይ አጋድሜ ተቀመጥኩበት።

«እማዬ፣ ተነሺልኝ።»

«አልነሣም።»

«ሰው እያየን ነው!»

«ይየን! ከፈለግህ እኔን ጎትተህ ጣልና ውሰደው።»

ከጎናችን ያሉት ሴቶች ሳቁ። እኔ አላፈርኩም፤ ዱላው ቢቆረቁረኝም ንቅንቅ አላልኩም። ደምሌ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ልቤ ወደ ቦታዋ ስትመለስ አያ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲነሡ አየሁ።

«ሞላ፣ የቅሬያችንን ደንብ ታውቃለህ?» አሉ።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። የአጋም ውሃ ቅሬ ከመጀመሪያው አንድ ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም አንድ ላይ ይቀብራል፣ አንድ ላይ ያለቅሳል።

«አያ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ይኼ ስለ ቅሬ አይደለም» አለ ሞላ።

«ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

«...አውቃለሁ።»

«ተናገረዋ!»

ሞላ ወረቀቱን አገላበጠ። አያ እንድሪስ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እንግዳ እስከ ወንዙ፣ የቅሬ ሰው እስከ ጉድጓዱ። ይኼ ነው ደንባችን። ለነጋዴ፣ ለመንገደኛ፣ ለእንግዳ ሰው ሬሳውን እስከ ወንዙ እንሸኛለን፤ እዚያ ለወገኖቹ እናስረክባለን። የቅሬ ሰው ከሆነ ግን አገሩ ሰማይ ላይ ቢሆንም ጉድጓዱ ድረስ ትከሻችን ላይ ነው። እንግዲህ ልጠይቃችሁ። ይመርን ወንዙ ላይ ነው ያስረከብነው?»

«አይደለም!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

«ዳገቱን የወጣ ይነሣ።»

መጀመሪያ ማንም አልተነሣም መሰለኝ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ፣ ቀጥሎ ሌላ። አንዱ ጥምጥም ያሰሩ፣ አንዱ አንገታቸው ላይ ማተብ ያለ። ዘጠኝ ያህል ሆኑ። ያን ቀን ከቃሬዛው ኋላ እያለቀስኩ ስሄድ ያየሁት ጀርባቸውን ነበር፤ ዛሬ ፊታቸውን አየሁት። እስላሞቹ እስከ ደጀ ሰላሙ አድርሰው፣ ግብዓተ መሬቱ እስኪያልቅ ዝናብ እየመታቸው ውጭ ቆመው እንደጠበቁን ትዝ አለኝ።

ከፊት ወንበር አያ በላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መነሣት ጀመሩ።

«አባባ፣ አንቱ ይቀመጡ» አለ ሞላ እየሮጠ ሊይዛቸው።

«ተወኝ! ሦስተኛው ቅብብል ላይ እኔ ነበርኩ። ጫማዬ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ነው ዳገቱን የጨረስኩት።» ጆሯቸው ስለከበደ ነው መሰለኝ ይጮኻሉ። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው? ምን አልከው ይመርን?»

ሞላ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

አያ እንድሪስ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ይመርን ከዝርዝሩ ያወጣ እነዚህን የቆሙትን ሁሉ ውሸታም ብሏል። ውሸታም ደግሞ ሬሳ ለመሸከም አይታመንም። እንግዲህ ያንተ ሰው ሲሞት ብቻህን ትሸከማለህ፤ ትከሻህን ከአሁኑ አለማምደው።»

በኛ አገር ከዚህ የከበደ እርግማን የለም። ሞላ ላብ አጠመቀው። እስክሪብቶ አወጣና ከዝርዝሩ ግርጌ፣ ኅዳጉ ላይ «ይመር» ብሎ ጻፈ። በራችሁን አስጠርጋለሁ፣ ሜትሩም አይመጣም አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔ እልል አላልኩም። አባቴ የቆረቆራት ከተማ ታሪክ ውስጥ በእስክሪብቶ፣ ኅዳግ ላይ፣ ተለምኖ ነው የገባው። የሌሎቹ በኮምፒዩተር ተጽፏል። ይኼንንም ስሙልኝ፦ አንድ ሰው የአንድ አገር ሰው የሚሆነው ስንት ሙት ሲያስቆጥር ነው? ምንጩን የጠረገ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ፣ ልጅ ያስተማረ አይቆጠርም፤ የሞተ ብቻ ነው የሚቆጠረው? እንዲህ ያለ ታሪክ የጻፈ ሰው የሕያዋንን ከተማ አያስተዳድር፤ መቃብር ይጠብቅ።

ስምንት ሰዓት፤ መመለሻ

ስብሰባው በሌላ ጉዳይ ሲቀጥል እኛ ወጥተን ምሳ ምራቴ ቤት በላን። ደምሌ በናፍጣና በጨርቅ በሩን እየፈተገ ነበር፤ ቀዩ ደብዝዞ ሮዝ ሆኗል። አልተነጋገርንም። ስነሣ ብቻ «ዱላዬን» አለ። «አያ እንድሪስ ጋ አስቀምጬዋለሁ፤ ሲበርድልህ ሄደህ ትቀበላቸዋለህ» አልኩት። እንደ ሕፃንነቱ ጉንጩን ነፋ። በሕይወት ያለ ልጅ ጉንጩን ሲነፋ ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል እናቶች ታውቃላችሁ።

ወደ መርሳ የሚወርድ ባጃጅ አገኘሁ። ተቀምጬ ሹፌሩ ሞተሩን ሲያስነሣ፣ ልጅ ያዘለች ሴት እየሮጠች መጥታ የባጃጁን ብረት ያዘች። የልጄ ጎረቤት ሐዋ ናት። ከሌላ ቆላ በተኩስ ተፈናቅላ መጥታ፣ እዚህ ጎጆ ቀልሳ፣ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትኖራለች። ባሏ የት እንደደረሰ አታውቅም።

«እትዬ፣ አልሃምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«የእኔም በር ተቀብቷል። አሁን ከስብሰባው ሲወጡ ሜትሩን ይዘው ወደኔ እየመጡ ነው።»

«እዚህ ማን አለሽ? የሚመሰክርልሽ?»

«ማንም የለኝም። እዚህ አገር ሰው አልሞተብኝም።» ያዘለችው ልጅ በትከሻዋ በኩል አንገቱን አውጥቶ ያየኛል፤ አፉ ላይ ማንጎ ተለቅልቋል። «እትዬ፣ ምን ላድርግ? ይኼን ያዘልኩትን እስክቀብር ልጠብቅ?»

ጠዋት ከወልድያ ስነሣ ልጄን ብቻ ነበር የማስበው። አዳራሹ ውስጥም ያንን ሁሉ ያልኩት ስለ ይመር ነበር። የሷ በር ቀይ መሆኑን ስገባ አይቻለሁ፤ አይቼ አልፌዋለሁ።

«እናቴ፣ እንሂድ እንጂ፤ የወልድያው መኪና ያመልጥሻል» አለ የባጃጁ ሹፌር።

«ያምልጠኝ። አንተ ሂድ።»

ወረድኩ። የሐዋን እጅ ያዝኩና ወደ አዳራሹ ተመለስን። ደጁ ላይ አያ እንድሪስና ሽማግሌዎቹ ሊለያዩ እየተሰነባበቱ ነበር።

«እታለም፣ ምን ረሳሽ?» አሉኝ አያ እንድሪስ።

«አያ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። «አልጨረስንም።»